ተራራውና ሜዳው፦ ስለ ጎረቤታችን ሱዳን ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?



በዚህ የትምህርት መንፈቅ ከትልልቆቹ ልጆች ጋር የአፍሪካ ቀንድን ካርታ እየተማርን ነው። ከኢትዮጵያ በስተምዕራብ ያለችውን ሰፊ አገር ስም ሁሉም ያውቃሉ። «ስለ ሱዳን ምን ታውቃላችሁ?» ስንላቸው ግን የሚመጣው መልስ በአብዛኛው ሁለት ነው፦ «ጦርነት አለ» እና «በግድቡ የተጣላናት አገር»። አይፈረድባቸውም፤ ከቤትም ከስልክም የሚሰሙት ዜና ይኸው ነው።

ነገር ግን ከወላጆች መካከል ጥቂት የማይባሉት ወደዚህ የመጡት ሱዳንን አቋርጠው ነው። ገዳሪፍ ላይ ሠርተው ያደሩ፣ ካርቱም ላይ ወረፋ የጠበቁ፣ ዛሬም ዐረብኛቸው ያልጠፋ አሉ። ልጆቹ ይህን አያውቁም። ስለዚህ በዚህ እትም የሁለቱን አገሮች መልክዓ ምድር፣ የሕዝቡን አሰፋፈርና ባህል ከታሪኩ ጋር አያይዘን ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ልጆቹ በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ከሚማሩት ጋር እንዲያገናኙት ብለን ነው።

ሁለት ሰፋፊ አገሮች፣ ሁለት ተቀራራቢ ስሞች

ሱዳን እስከ 2011 ድረስ በቆዳ ስፋት ከአፍሪካ አንደኛ ነበረች፤ 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ደቡብ ሱዳን ከተለየች በኋላ ወደ 1.9 ሚሊዮን ዝቅ ብላ ከአልጄሪያና ከኮንጎ ቀጥላ ሦስተኛ ሆናለች። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ናት። ሁለቱ የሚጋሩት ድንበር ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ስማቸውም ይገርማል። «ሱዳን» የመጣው ከዐረብኛው «ቢላድ አስ-ሱዳን» ነው፤ «የጥቁሮች አገር» ማለት ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ከግሪክኛ ያመጡታል፤ «ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሕዝብ» እንደ ማለት ነው። በአገራችን ትውፊት ኢትዮጲስ ከተባለ አባት የመጣ ስም ነው የሚሉም አሉ። በግሪኩ ከሄድን ግን ሁለቱም ስሞች ከውጭ የመጣ ሰው የሕዝቡን መልክ አይቶ ያወጣቸው ናቸው። እንዲያውም የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ ማለትም የዛሬውን ሱዳን ነበር። ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ የጥንት ታሪክ ሲያነቡ «የትኛዋ ኢትዮጵያ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ትክክል ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከከፍታው ነው

እስቲ ከልጆቹ ጋር ካርታውን ዘርጉና ጣታችሁን ጣና ሐይቅ ላይ አድርጉ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በስተሰሜን ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ቆሟል። አሁን ዓባይን ተከትላችሁ ውረዱ። ወንዙ ከጣና ወጥቶ በጎጃም ዙሪያ ይጠማዘዛል፤ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ሸለቆ ሰንጥቆ ያልፋል። ድንበሩ ጋ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ወርዷል። ከድንበሩ እስከ ካርቱም ግን የሚወርደው ከመቶ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እንግዲህ ዓባይ ቁልቁል የሚወረወረው በእኛ በኩል ነው፤ በሱዳን በኩል ሜዳው ላይ ተኝቶ ይሄዳል።

ዝናቡም እንደዚሁ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ቦታ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ካርቱም ላይ ግን ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ግብፅ ድንበር ሲኬድ፣ ዝናብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም የሱዳን ሜዳ የእኛን ክረምት በወንዙ በኩል ይቀበላል። ዓባይ ብቻውን አይደለም የሚወርደው፤ ተከዜ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባል፤ ከጎንደር በስተምዕራብ የሚነሳው ጓንግ ደግሞ አትባራ ይሆናል። ባሮ በደቡብ ሱዳን በኩል ዞሮ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ውስጥ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ነው።

ውኃው ባዶውን አይሄድም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው ተረት የመልክዓ ምድር ትምህርትም ነው። ክረምት ላይ ዓባይ የሚደፈርሰው የደጋውን አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው። በዓባይና በነጭ ዓባይ መካከል ያለው የሱዳን ለም ሜዳ «ጀዚራ» ይባላል፤ በዐረብኛ «ደሴት» ማለት ነው። ያን ወፍራም አፈር ወንዙ በብዙ ሺህ ዓመታት ያከማቸው ነው። እንግሊዞች በ1925 የሰናር ግድብን ጨርሰው በመስኖ ጥጥ ያስመረቱት እዚያ ነው። ያው ጎርፍ ደግሞ ሲበዛ ቤት ያፈርሳል፤ በ1988 እና በ2020 ካርቱምና አካባቢዋ ክፉኛ ተጎድተዋል። ልጆቹ በዜና የሚሰሙት የግድብ ክርክር መነሻው ይኸው ነው፦ ላይኛውና ታችኛው አገር የሚኖሩት በአንድ ውኃ ነው።

ሰው የት ሰፈረ? ለምን?

በኢትዮጵያ ብዙው ሕዝብ የሚኖረው ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ወይናደጋና ደጋ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዝናብ አለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ወባ የለም ወይም ጥቂት ነው። ገበሬው በየኮረብታው ተበታትኖ ቤቱን ማሳው አጠገብ ይሠራል። ወንዙ ከሥር በገደል ውስጥ ስለሚሄድ ለመሻገርም ለመጠጣትም አይመችም። ስለዚህ ወንዝ ለእኛ ብዙ ጊዜ ከማገናኘት ይልቅ የሚለያይ ነገር ነበር፤ ጎጃምና ሸዋን የለየው ዓባይ ነው። ከ80 በላይ ቋንቋዎች ሊኖሩን ከቻሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የተቆራረጠ መሬት ነው።

በሱዳን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ወንዝ ማለት ሕይወት ነው፤ ሰውም ወንዙን ተከትሎ ይሰፍራል። ከወንዙ ራቅ ሲል በሰሜን ግመል አርቢው፣ በደቡብና በምዕራብ ከብት አርቢው ዝናብና ሣር እየተከተለ ይዘዋወራል። ከተሞቹም ውኃና መንገድ የሚገናኙበት ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ካርቱም ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነች፤ አትባራ የባቡር ከተማ ሆና አደገች። ሜዳ ስለሆነ ሰውም ቋንቋም በቀላሉ ይጓዛል፤ ዐረብኛ ሰፊ መግባቢያ የሆነው በዚህም ጭምር ነው። ይሁንና ኑብያኛ፣ ቤጃ፣ ፉር እና ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ዛሬም ይነገራሉ። ልጆች «ሱዳን ሁሉ ዐረብ ነው» እንዳይሉ ይህን ማወቅ አለባቸው።

በመሃል፣ በተራራው ግርጌ፣ ሁለቱንም የሆኑ ሰዎች አሉ። በርታና ጉሙዝ ከድንበሩ በሁለቱም በኩል ይኖራሉ። ድንበሩ የተሰመረው በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ ውል ሲሆን እነሱ ግን ከዚያ አስቀድሞ እዚያው ነበሩ።

በጦርም በንግድም

ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ ያስቀረጸው ጽሑፍ ኖባ በሚባሉ ሰዎች ላይ ስለ ዘመተበት ጦርነት ይናገራል። እዚያ ያያቸውን ከተሞች በሁለት ይከፍላቸዋል፦ በጡብ የተሠሩና በሣር የተሠሩ። የጡቦቹ ከተሞች ኖባ ከካሱ ሰዎች የወሰዷቸው ነበሩ፤ ካሱ የመርዌ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች የተዉልን ፒራሚዶች ዛሬም ሱዳን ውስጥ ቆመዋል፤ በሱዳን ያሉት ፒራሚዶች በቁጥር ከግብፅ ይበልጣሉ። ኋላም በ6ኛው መቶ ዓመት የኑብያ መንግሥታት ክርስትናን ተቀብለው ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይተዋል።

ከ1504 እስከ 1821 ደግሞ በዓባይ ዳር የሰናር (የፉንጅ) ሱልጣኔት ነበረ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ሁለቱ ነገሥታት ጎረቤቶች ሆኑ። ነጋዴው በመተማ በኩል ይመላለሳል፤ ወርቅ፣ ቡና፣ ዝባድ፣ ሰም ይወርዳል። ሊደበቅ የማይገባው ነገር፣ ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር። መተማ ገበያ ላይ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ የመጡ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች ሰፍረው ነበር።

ጦርነትም አልጠፋም። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 ሰናር ላይ ዘምተው ተሸነፉ። «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለችው ታዋቂ ሥዕልም በዚያ ተማርካ ኋላ ተከፍሎባት ወደ ጎንደር ተመለሰች። በ1848 ደግሞ ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር ተሸነፉ።

ልጆች «ለምን አንዱ ሌላውን አልያዘም?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ መልክዓ ምድሩ ላይ ነው። የደጋ ሰው ሲወርድ ወባና ሙቀት ይጥለዋል፤ በቅሎውም አይችልም። የሜዳው ሰው ሲወጣ ብርድና ገደል ይይዘዋል፤ ግመሉም ይሞታል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን አገር መውረር ቻለ እንጂ ተቀምጦ መግዛት አልቻለም። ድንበሩ እስከ ዛሬ ከተራራው ግርጌ ብዙም ያልራቀው በዚህ የተነሳ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የመተማው ጦርነት ነው። በ1880ዎቹ ሱዳኖች በማሕዲ መሪነት በቱርክና በግብፅ አገዛዝ ላይ ተነሱ፤ በጥር 1885 ካርቱምን ያዙ። አፄ ዮሐንስ በ1884 በዓድዋ በተደረገው ውል የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማምተው ነበር፤ ይህም ከማሕዲስቶቹ ጋር አጋጫቸው። በ1888 መጀመሪያ ማሕዲስቶች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ ሕዝብ አለቀ። በመጋቢት 1889 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ።

ይህን ለልጆች ስንነግር ቀጥሎ የመጣውን አንተው። ሁለቱ ጎረቤቶች ሲዋጉ ጣልያን ከምፅዋ ተነስታ በዚያው ዓመት አሥመራን ያዘች፤ በጥር 1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ነች አለች። እንግሊዝና ግብፅ ደግሞ በ1898 ኦምዱርማን አጠገብ የማሕዲስቶቹን ጦር ደመሰሱ። መተማ ላይ ያሸነፈ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ይህን የተረዱ ይመስላል፤ በዓድዋ ዘመን ከማሕዲ ተከታይ ከኸሊፋ ዐብዱላሂ ጋር በሰላም መልእክተኛ ይለዋወጡ ነበር።

የሚያኮራም ታሪክ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በ1940 ካርቱም አርፈው ነበር። በጥር 1941 በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ የሱዳን ወታደሮችም አብረው ነበሩ። ስንቅና መሣሪያ የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደጋውን መውጣት አቅቷቸው በመንገድ አለቁ። በ1972 ደግሞ ኢትዮጵያ በተራዋ አስታራቂ ሆና የመጀመሪያው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በአዲስ አበባው ስምምነት ቆመ።

ማዕድ ቤት ስንገባ

በባህሉ በኩል ልዩነቱን ለማየት ካርታ ይበቃል፤ ዝምድናውን ለማየት ግን ማዕድ ቤት መግባት ነው። ሱዳኖች «ኪስራ» የሚሉት አላቸው፦ የማሽላ ሊጥ ተብላልቶ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጋገራል፤ በወጥ ይበላል። ጤፍ ቀዝቀዝ ያለውን ይወዳል፣ ማሽላ ሙቀቱን ይችላል። እህሉ ይለያይ እንጂ ማቡካቱና ማብላላቱ አንድ ነው።

ቡናውማ ምን ይባላል! እዚያም «ጀበና» ነው። ሱዳኖች ዝንጅብል ይጨምሩበታል፤ ዕጣኑም አይቀርም። ቡናው የሚቀዳባት «ፊንጃን» የእኛዋ ፍንጃል ናት። ሴቶቻቸው የሚለብሱት ረጅም «ቶብ» እንደ ነጠላ ሰውነት ላይ የሚጣጠፍ ነው። ሙዚቃውም በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄድ ስለሆነ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ በኢትዮጵያ የተወደዱት ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ስለሚያውቀው ነው።

አማርኛና ዐረብኛም ሩቅም ቢሆን ዘመዳሞች ናቸው። ልጆቹን እንዲህ አጫውቷቸው፦ ቤት፣ «በይት»፤ ራስ፣ «ራስ»፤ ዓይን፣ «ዐይን»፤ ነፍስ፣ «ነፍስ»። ሱቅን ደግሞ በቀጥታ የወሰድነው ከእነሱ ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው የሱዳን ልጅ ካለ፣ ይህቺ ጨዋታ ጓደኛ ታፈራለች።

የመንገዱ ታሪክ የእናንተ ነው

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ሽብር፣ በጦርነትና በረሃብ የተነሳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሱዳን ወረደ። ያን የደጋ ሰው ለሺህ ዓመት ሲፈራው የኖረውን ቆላ በእግሩ አቋረጠው፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት። ዑም ራኩባና ቱዋዋ የሚሉ የካምፕ ስሞች ለብዙ ቤተሰብ እንደ ትውልድ መንደር ስም የሚታወቁ ናቸው። ራሷ ብዙ ያልነበራት አገር ተቀበለችን። ደግ ሰው ያጋጠመውም፣ የተዘረፈና የተበደለም አለ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከጎንደርና ከትግራይ የተነሱ ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ባለው ጊዜ ወደ 8,000 የሚጠጉት በምስጢር በአውሮፕላን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል እንዳለቁ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በየዓመቱ ይታሰባሉ። ወደ አሜሪካም ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደተኝነት የመጡት ከሱዳን ተነስተው ነው።

መንገዱ ዛሬም አልተዘጋም። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሱዳን ገቡ፤ ዑም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ሽቅብ ወደ ኢትዮጵያ ወጡ። ካርቱም ውስጥ በሰው ቤትና በቡና ንግድ ይተዳደሩ የነበሩ እህቶቻችንም አብረው ተመለሱ። ጦርነት የትኛውን ወገን እንደሚያሰድድ ይለዋወጣል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

ይህ የመጨረሻው ክፍል በክፍላችን ባለው መጽሐፍ ውስጥ የለም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ። «ልጅ ነው፣ ምን ያስጨንቀዋል?» ብላችሁ የያዛችሁት እንዳለ እንረዳለን፤ ሁሉንም ንገሯቸው አንልም። ከባዱን ለጊዜው ትታችሁ፣ ልጁ የሚችለውን ያህል ንገሩት፦ ከየት ተነሳችሁ? በየት በኩል አለፋችሁ? ውኃ የሰጣችሁ ማን ነበር? የመጀመሪያዋ የተማራችኋት የዐረብኛ ቃል ምንድን ናት? በሱዳን ያላለፋችሁም ብትሆኑ የዘመድ ወይም የጎረቤት ታሪክ አይጠፋም።

ለመጪው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ሁለት ነገር ይዞ እንዲመጣ ጠይቀናል፦ ዓባይን ከጣና እስከ ካርቱም በእርሳስ ያሰመረበት ካርታ፣ እና ከወላጅ ወይም ከአያት የሰማውን ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ። ፊደሉ ቢሳሳት አይጨነቅ፤ እኛ አብረን እናርመዋለን። ታሪኩን ግን ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለም።

በቸር ያገናኘን።
የበጎ ፈቃድ መምህራን